ቶሎቶሎ መዘግየት ስትማር

በሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል ሁላችንም «ቶሎቶሎ» ነው የምንላት። ስሙ የወጣላት ከአንሶላ የተነሳ ነው። አንሶላ ሁለት ሆነን ነው የምናጥፈው፤ እኔ ገና ጫፉን ሳልይዝ እሷ የራሷን ጨርሳ የእኔንም ከእጄ ትነጥቃለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቷ ቆሜ ሳጥፍ አንድም ቀን ቀድሜያት አላውቅም።

ችኮላው ግን የራሷ አይደለም፣ የታላቅ ወንድሟ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው እሱ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ከሥራ ስትመለስ ገና በሩን ሳታልፍ «ቶሎ በይ!» ይላታል። ራት ቶሎ፣ ሸሚዝ ቶሎ። እኔ ብሆን ሸሚዙን ከነካውያው አስታቅፈው ነበር።

ከጎማ ጠጋኙ በላይ ባለው አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ታንጎ የሚባል ዳንስ ልትማር መመዝገቧን ስትነግረኝ በሳቅ ፈረስኩ። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። እሷ ግን የመጀመሪያውን ክፍል አልፋ ወደ ሁለተኛው ገባች። እዚያ እርምጃ ብቻ አይደለም፣ ዳንሱን በእግር ማሳመርም አለ። የደረሳት አጣማሪ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው።

ያስቸገራቸው ፓራዳ የሚባለው ነው። ወንዱ እግሩን ዘርግቶ መንገዷን ይዘጋል፤ ሴቲቱ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ጊዜው የእሷ ነው። ወለሉ ላይ በጫማዋ ክብ ብትስል፣ ጫማዋን በሱሪው ብትወለውል መብቷ ነው። እሷ እስክትሻገር እሱ ንቅንቅ አይልም።

ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ እንከን የለውም። መጠበቅ ላይ ነው ጉዱ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሳፋሪው አንድ እግር ውጭ እያለ የነዳ ሰው ነው። እሷ ደግሞ የተዘረጋውን እግር እንደ ቦይ ዘላ ታልፈዋለች። አስተማሪዋ «ምነው፣ ሌባ እያባረራችሁ ነው?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት በአንሶላ ጋሪዎቹ መሀል እግሬን አስዘርግታ እኔን መለማመጃ አደረገችኝ።

ወንድሟ ሰማ። ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ወሬ እግር አያጣም። «በዚህ ዕድሜሽ ከባዕድ ወንድ ጋር ተቃቅፈሽ! ወይ ዳንሱን ትተዪያለሽ፣ ወይ ቤቴን ትለቂያለሽ። እስከ ቅዳሜ!» አላት።

ሐሙስ ዕለት አንሶላ እያጠፍን ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። «እኔ ሄጄ ልንገርልሽ?» አልኳት።

«አንቺ አርፈሽ ጫፉን ያዢ» አለችኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ቦርሳዋን ታቅፌ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ሙዚቃው መሀል ሲደርስ ወንድሟ በሩን በርግዶ ገባ።

«ነይ ውጪ! ቶሎ በይ!»

ሾፌሩ ገና እግሩን መዘርጋቱ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ቶሎቶሎ ትከሻዋ ሽምቅቅ ሲል አየሁ፤ በቃ፣ ዘላ ልትወጣ ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ። እሷ ግን ትከሻዋን መለሰችና ሾፌሩን ቀና ብላ አየችው።

«እንዳይነዱ» አለችው።

«ፍሬን ይዣለሁ፣ እህቴ» አላት።

በጫማዋ ጫፍ ወለሉ ላይ አንድ ክብ ሳለች፤ ደግማ ሌላ። ጫማዋን በሱሪው ላይ ከፍ አድርጋ ወለወለች፣ ቀስ ብላ አወረደች። ወንድሟ ሁለቴ «ቶሎ!» አለ፤ ሦስተኛው ከአፉ አልወጣም። ያኔ ተሻገረች። ሾፌሩ ንቅንቅ አላለም። እኔማ አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ?

ወደ እኔ መጥታ ከቦርሳዋ ቁልፍ አወጣችና ለወንድሟ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ቁልፍህ። ዕቃዬን ጠዋት አውጥቻለሁ።»

«የት ልትገቢ ነው?»

«እሷ ቤት» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። እውነቷን ነው፤ እሱ ገበያ እያለ አልጋዋን በጋሪ ያጓጓዝነው ሁለታችን ነን፣ ወገቤ እስካሁን ያመኛል።

«ነይ እንነጋገር፣ አሁኑኑ!»

«ሙዚቃው አላለቀም» አለችውና ወደ ሾፌሩ ተመለሰች።

ወንድሟ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።