ፀጉር ቤቴና ቀጭኗ ኬብል በመቲ ዳገት

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፣ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር

በተጎታቿ ካራቫኔ በር ላይ ያስጻፍኩት ቀለም ገና አልደረቀም። «ተንቀሳቃሽ የውበት ሳሎን» ይላል። ጎረቤቶቼ ፎጣቸውን እንዳገለደሙ ወጥተው ያዩኛል። ይዩኛ! ጋምቤላ ውስጥ ስንት ፀጉር ቤት አለ፣ በጎማ የሚሄደው ግን የኔ ብቻ ነው።

ካራቫኗን የገዛኋት ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ግቢ ነው። ውስጧ አንድ መታጠቢያ፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ትልቅ መስታወት፣ ትንሽ ጄኔሬተርና አምስት ጀሪካን ውሃ ገብቷል። ዛሬ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ሰላም የምትባል ነርስ እዚህ ሳለች ደንበኛዬ ነበረች፤ ወደ መቲ ከተማ ተዛወረች፤ ነገ ታገባለች። «ካንቺ እጅ ውጭ ፀጉሬን አላስነካም» ብላ ስትደውልልኝ፣ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ፀጉር ቤቱን ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። ዛሬ እስኪመሽ ካልሠራኋት ሙሽራ ጉድ ያደረገች ፀጉር ሠሪ ተብዬ እቀራለሁ፤ ማን ሁለተኛ ይጠራኛል?

የሚጎትተን ኦቻን ነው፤ የሰፈራችን የአኙዋ ልጅ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር አለው፣ ቃል ቆጥቦ ነው የሚናገረው። ካራቫኗን የሚገጥሙልን ደግሞ አቶ ጋትሉዋክ ናቸው። እንዲህ ያለ ተጎታች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጎትቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የካራቫኗን አፍ መኪናው ኋላ ላይ ባለችው ክብ ብረት ላይ ቀጭ አደረጉና፣ ከካራቫኗ የፍሬን እጀታ የተንጠለጠለች አንዲት ኬብል አነሱ። ከትንሿ ጣቴ ትቀጥናለች።

«ጋሼ፣ ቤቴን የምትይዘው ይቺ ናት?» ብዬ ሳቅሁ።

«ልጄ፣ እሷ ቤት አትይዝም» አሉኝ። «ቤትሽ ካመለጠ ፍሬኑን ትስባለች። ፍሬን ሲይዝ እሷ ትበጠሳለች። በቃ፣ ሥራዋ እሱ ነው።»

«ለምን በሰንሰለት አናደርገውም ታዲያ?»

«ሰንሰለት እንቢ ይላል፣ አይበጠስም። ቤትሽ በፍሬን እጀታው ተንጋዶ እየተጎተተ መቲ ይደርሳል። ትፈልጊያለሽ?»

አልፈልግም። ኬብሏን ከመኪናው ሥር ካለው ጠንካራ ቀለበት ውስጥ አሳልፈው መንጠቆዋን ቆለፉ። ክቧ ብረት ላይ እንዳታጠልቋት፣ አፉ ከዘለለ ኬብሏም አብራ ትዘላለች አሉን። ከዚያ ኦቻን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው እንዲዞር አደረጉት። ኬብሏ አልተወጠረችም፣ መሬትም አልነካችም። በመጨረሻም የካራቫኗን ትንሽ የፊት ጎማ እጀታ አዙረው የካራቫኗን አፍ ወደ ላይ ገፉት፤ የመኪናው ኋላም አብሮ ተነሳ። «ይህ ከሆነ ይዟል» አሉና መረቁን። ወጣን!

ረፋድ 3፡00፣ አቦቦ

ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። በመስኮት ማንጎ ይሸጡልናል፣ አምስቱ በሃምሳ ብር፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ሕፃናት «ቤት! ቤት መጣ!» እያሉ ይከተሉናል። ደስ ሲል!

ከፊታችን እህል የሚያራግፍ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶታል። ካራቫን ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ መከራ ነው። ስለዚህ ፈታናት፣ ሰዉ ተረባርቦ በአይሱዙው ጎን በእጅ አሳለፈልን፣ ኦቻን መኪናውን በጓሮ አዙሮ መጣ። መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ ምን ያቅተኛል! ኬብሏንም ክቧ ብረት ላይ ላፍ አድርጌ አጠለቅኋት። ለካ ጠዋት የተነገረኝ ሁሉ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

ኦቻን መሬት ላይ ተጋድሞ አየና ተነሳ። «አንቺ፣ ሽማግሌው ምን አሉሽ?»

«ሙሽራ እየጠበቀችኝ ነው፣ እንሂድ በቃ!»

«አልሄድም።»

በሰው ፊት ተጨቃጨቅን። እኔ ጮህኩ፣ እሱ አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ ኬብሏን አውጥቶ በቀለበቱ አሳለፋት፣ ቆለፋት፣ ሞተር አስነሳ። ተኳርፈን ሄድን። በንዴታችን መሃል አፉን ወደ ላይ ገፍተን የመኪናው ኋላ አብሮ መነሳቱን ማየት ሁለታችንም ረሳን።

ቀትር 6፡40፣ የመቲ ዳገት

ቆላው ቀርቶ ጫካው ተጀመረ። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ዛፎቹ መንገዱን ሸፍነውታል፣ ከሥራቸው ቡናው ይታያል። ኩርፊያዬ ሁሉ ለቀቀኝ፤ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ኧረ እይ፣ ኧረ እይ!» እላለሁ። ኦቻንም ፈገግ ማለት ጀምሯል።

ዳገቱ መሃል አንድ ጉድጓድ ዘለልን። ጓ! መኪናው ድንገት ቀለለ። በመስታወት ሳይ ካራቫኔ ከኋላችን ተለይታለች፤ አፏ መሬት ወድቆ ወደ ኋላ ልትሄድ ነው። ከኋላዋ ገደል አለ።

«እናቴ!» ብዬ ጮህኩ።

ጢው የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ኬብሏ ስትበጠስ ነው። ካራቫኗ አንድ እርምጃ ያህል ተንሸራተተችና ቀጥ አለች። ወርደን ሮጥን፣ ከጎማዎቿ ኋላ ድንጋይ ወተፍን። የፍሬኑ እጀታ ወደ ላይ ተስቦ ቆሟል። የኬብሏ ግማሽ መኪናው ላይ፣ ግማሹ ካራቫኗ ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ አፈር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አቦቦ እንዳጠለቅኋት ቢሆን ኖሮ ቤቴ አሁን ገደል ውስጥ ነበረች። ኦቻን ማንጎ ልጦ ሰጠኝና፣ «አፉ መያዙን እኔም አላየሁም» አለ።

8፡10፣ እዚያው

አንድ የጣውላ መኪና ቆመልን። ሹፌሩና ረዳቶቹ ካራቫኗን ከመንገዱ ወደ ለጥ ያለ ዳር አወጡልን፤ መቲም ሩቅ እንዳልሆነ ነገሩን። ከዚያ ሹፌሩ ወፍራም ሰንሰለት ይዞ መጣ። «በዚህ ፍሬኑን ከመኪናው ጋር ጠፍረሽ ሂጂ እህቴ፣ ዝሆን አይበጥሰውም።»

ሰዓቴን አየሁ። ሰላም ፀጉሯን ፈትታ እየጠበቀችኝ ነው። ኦቻን እኔን ያያል።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ የማይበጠስ አልፈልግም» አልኩት። ሹፌሩ ጸሐይ መትቷት ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ኔትወርክ ፍለጋ በእግሬ ወደ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ለአቶ ጋትሉዋክ ደወልኩ፤ ትክክለኛውን ኬብል በነገው አውቶቡስ ሊልኩልን ነው። ቀጥሎ ለሰላም።

«ሰሊ፣ ካራቫኔ ካለችበት አትነቃነቅም። ኦቻን በባዶ መኪና ይመጣል። አንቺ ነይልኝ።»

ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ ይሰማኛል፦ «ምን? ጫካ?»

«ካስኩ ይሠራል?» አለች ሰላም።

«ይሠራል!»

10፡00፣ እዚያው

መጡ! ሙሽራዋ፣ ሦስት ሚዜዎችና እናቷ እማማ አልማዝ በአንድ መኪና ታጭቀው መጡ። እማማ ወርደው ዙሪያውን ገላመጡ። «ልጄን እንደ ከብት ነጋዴ መንገድ ዳር? የሠርጓ ዋዜማ?» ወደ ካራቫኗም አልገባም ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። አጠብኳት፣ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቀለልኩላት፣ ካስክ ሥር አስገባኋት። ሚዜዎቹ ሙዚቃ ከፍተው በር ላይ ይጨፍራሉ። አንድ ሞተረኛ ቆሞ «የወንድ ትቆርጫለሽ?» አለኝ፤ በሳቅ ሞትን። ውሃው አራተኛው ጀሪካን ላይ ደረሰ። ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስቤ የመጨረሻዋን የፀጉር ሽቦ ስሰካ ሰላም መስታወቱን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«እንዳታለቅሺ፣ አይንሽ ያብጣል!» ብዬ እኔው ቀድሜ አለቀስኩ።

በሩ ላይ ስትወጣ ሚዜዎቹ እልል አሉ። እማማ አልማዝ ከድንጋዩ ተነሡ። ልጃቸውን ከፊት አዩዋት፣ ከኋላ አዩዋት፣ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። ከዚያ ደረጃዋን ቀስ ብለው ወጡ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን ፈቱ።

«ውሃ ተርፎሻል?» አሉኝ።

«አንድ ጀሪካን አለ እማማ።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ፣ ሳይመሽብን።»