ቅርጫት የሌለው ሰርቨር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ኡስታዝ ሃሺም ማውሴን ነቅለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2013 ነው። ቢሮው ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር፣ ከሽቶ መሸጫ ሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነበር። ድርጅታችን የክሊኒኮችንና የትምህርት ቤቶችን ሰርቨር ያስተዳድራል፤ ሱዳናዊው ሃሺም የቴክኒክ ኃላፊ ነበሩ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ፣ ሁሉን ነገር በማውስ ጠቅ ጠቅ አድርጌ የምጨርስ ሰው ነኝ።

«ያለ ማውስ ምን ልሠራ ነው?» አልኳቸው።

«ጻፍ» አሉኝ፣ ጥቁሩን ስክሪን እያሳዩኝ። «የምትፈልገውን ጻፍለት፣ ይሠራልሃል። ሳምንት ሲሞላህ ማውስህን ትወስዳለህ።»

ሳምንቱ ሲሞላ መለሱልኝ። እኔ ግን በጥቁሩ ስክሪን ተይዤ ስለነበር ሳልሰካው ብዙ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ።

ሼል ይባላል። የጻፍክለትን ትዕዛዝ ተቀብሎ ማሽኑን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። እኔ ደግሞ የነገር ውስጡን ሳላይ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ የፈታሁትን ሬዲዮ ሁሉ መልሼ ገጥሜዋለሁ ብዬ ግን አልምልም። ሼል የጻፍክለትን ሁሉ እንደሚመዘግብ ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። አንድ ቀን ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሥራ ሲቆም፣ ከሁሉ አብዝቼ የምጽፈው የትኛውን እንደሆነ ራሱን ሼሉን አስቆጠርኩት። አንደኛ የወጣው ወደ ክሊኒኮቹ ፎልደር የሚያስገባ፣ ግማሽ መስመር የሚሞላ ትዕዛዝ ነበር። ያን ሁሉ ፊደል በቀን ስንት ጊዜ ስለቅም እንደዋልኩ ሳየው በራሴ ሳቅሁ።

«ይኼ አያጥርም?» ብዬ ሃሺምን ጠየቅኳቸው።

«እሱን ጠይቀው» አሉኝ፣ ወደ ማሽኑ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ጠየቅኩት። ማሽኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ ገጽ በገጽ አነበብኩ። ለካ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ስለዚህም በተራ ዝርዝር የማይታይ አንድ ፋይል አለ፤ ሼሉ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። እዚያ ውስጥ ለረጅሙ ትዕዛዝ አጭር ስም ብታወጣለት ያንኑ ስም ይቀበልሃል። ያቺን ግማሽ መስመር በሁለት ፊደል ተካኋት። ስትሠራ ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። የቆምኩበትን ፎልደር ስም በአረንጓዴ እንዲጽፍልኝ አደረግኩ። ሼሉ ሲከፈት ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረ እንዲነግረኝ አደረግኩ። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኜ ጥቂት ፊደል ብቻ ብጽፍ የዛሬ ወር የጻፍኩት ትዕዛዝ ተመልሶ እንደሚመጣ ባወቅኩ ቀን ምሳዬን ረሳሁ። አጫጭር ስሞቼ ከዘጠና አለፉ። ስለምረሳቸውም የአጫጭር ስሞቼን ዝርዝር የምታሳየኝ ሌላ አጭር ስም አወጣሁ።

«ቤቱን ቀለም ስትቀባ ኖረህ መቼ ልትገባበት ነው?» አሉኝ ሃሺም። ሳቅሁ እንጂ አልተውኩም።

ከሁሉ የምኮራው ግን በቅርጫቴ ነበር። አርኤም የምትባለው የማጥፊያ ትዕዛዝ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ናት፤ ያጠፋችው አይመለስም። እኔ በራሴ ማሽን ላይ ትርጉሟን ቀየርኩት። አርኤም ብዬ ስጽፍ ፋይሉ አይጠፋም፤ «ቅርጫት» ወዳልኩት ፎልደር ይሄዳል። ከዚህ አንድ ልማድ አወጣሁ። የተጨናነቀ ፎልደር ሳጸዳ አንድ በአንድ መምረጥ ተውኩ። ሁሉንም አጠፋና የሚፈለገውን ከቅርጫት መልሼ አወጣለሁ። በግማሽ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

በ2015 ሰይድ መጣ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ እድሜያችን እኩያ ነበር። ለድርጅታችን የኔትወርክ ገመድ ሲዘረጋ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ዐዚዚያ ሰፈር ውስጥ ከስድስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል። ጉልበቱ ታሞበት መሰላል መውጣት ሲያቅተው የድርጅቱ ባለቤት አቡ ናስር የሦስት ወር ሙከራ ሰጡት። የሰርቨሩን ሥራ ከለመደ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይታደሳል፤ ካልለመደ በመጨረሻ መውጫ ቪዛ ወደ አገሩ ይሸኛል። ኮምቦልቻ አራት ልጆች የሚጠብቁት እሱን ነው።

«ወንድሜ፣ ሦስት ወር ምን ያህል ነው?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ገመድ እንኳን በሦስት ወር አልለመድኩም።»

«አብሽር፣ አታስብ» አልኩት። «እኔ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ቀን እሰጥሃለሁ።» ያን በነጥብ የሚጀምር ፋይሌን እንዳለ ማሽኑ ላይ ገለበጥኩለት። ዘጠናውን አጫጭር ስም፣ ቅርጫቱን፣ ልማዴንም ጭምር። ሰይድ ፈጣን ነበር። በሁለተኛው ወር ሃሺም ሥራውን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሙከራው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሺፋ ሰፈር የሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሰርቨሩ ሞልቶ ጸዳ አድርጉልን አለ። ማክሰኞ ነበር። ክሊኒኩ ለቀትር ተዘግቷል፤ በአሥር ሰዓት ይከፈታል። ሃሺም የድሮ የቀጠሮ ፋይሎችን እንዲያጠፋ ሰይድን አዘዙት። ከጠረጴዛው ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የክሊኒኩ ማሽን ላይ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ።

«ወንድሜ፣ ቅርጫቱ የት ነው?»

«የትኛው ማሽን ላይ ነህ?»

«ሺፋ።»

እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ። የእኔ ፋይል ያለው በእኔና በእሱ ማሽን ላይ ብቻ ነው። የክሊኒኩ ማሽን አርኤም የሚያውቃት በእውነተኛ ትርጉሟ ነው። ሰይድ እንዳስተማርኩት ሁሉንም አጥፍቶ፣ የዚህን ወር ቀጠሮ መልሶ ሊያወጣ ቅርጫት እየፈለገ ነበር።

ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ኸላስ፣ አበቃ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «አገሬ ተመለስኩ በለኛ።»

መጠባበቂያ ቅጂ ነበረን፤ ግን የዓርብ ነው። ከዚያ ወዲህ የተያዘው ቀጠሮ የለም። ሃሺም ሳይቆጡ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ስበረብር፣ ክሊኒኩ ለበሽተኞች የሚልከው የስልክ መልእክት ሌላ ቦታ ተመዝግቦ እንደሚቀመጥ አየሁ። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት ሁሉ አለበት። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ነገር ግን ያን የሚለቅም ትዕዛዝ ልጽፍ ስል ጣቶቼ አጫጭር ስሞቼን ብቻ ይጽፋሉ፤ ያ ማሽን ደግሞ አንዳቸውንም አያውቅም። ረጅሙን ረስቼዋለሁ። ሃሺም ፊደል በፊደል እየነገሩኝ፣ እንደ መጀመሪያ ሳምንቴ ጻፍኩ። ለአሥር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ቀጠሮው ተመለሰ፤ ስልካቸውን ካላስመዘገቡ ሁለት ሰዎች በቀር።

ሁለቱ ሰዎች መጥተው ስማቸው ጠፋ፤ ክሊኒኩ አቡ ናስር ዘንድ ደወለ። በማግሥቱ ጠዋት አቡ ናስር ራሳቸው ቢሮ መጡ።

«ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰይድ፣ ቆሞ።

ዝም አልኩ። ብዙ አልቆየሁም፤ ግን ዝም አልኩ፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የእኔም ኢቃማ በእሳቸው እጅ ነው። አቡ ናስር ወደ ሃሺም ዞረው «ኢንሻአላህ በዚህ ወር መውጫውን እንጨርስለት» ሲሉ ነው አንደበቴ የተፈታው።

«አቡ ናስር፣ እጁ የእሱ ነው፤ ልማዱ የእኔ ነው» አልኩ። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው። በእኛ ማሽን ላይ አንድ ፋይል አጠፋሁ፤ ከቅርጫት አወጣሁት። የክሊኒኩ ማሽን ላይ አንድ ባዶ ፋይል ፈጥሬ አጠፋሁ፤ የለም። «ልዩነቱን ያልነገርኩት እኔ ነኝ።»

ስለ ሼል የሚያውቁት ነገር የለም፤ ግን አዩት። ሃሺምን ጠየቋቸው። «ሰውዬው ይማራል» አሉ ሃሺም። አቡ ናስር አሰቡና ወሰኑ። ኢቃማው ይታደሳል፤ ሰርቨር ግን ከእንግዲህ አይነካም፤ መጋዘን ዕቃ ይመዘግባል። እኔን በአንድ ማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ።

ሰይድ ዕቃውን ሲሰበስብ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ወላሂ አልተቀየምኩህም፣ ኢቃማዬ ተርፏል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ግን ሁለት ወር ሙሉ ያቺን ትዕዛዝ በቀን ሃያ ጊዜ ስጽፋት አጠገቤ ነበርክ። ታጠፋለች ብለህ አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም እኮ።»

የሙከራ ጊዜውን ያቃለልኩለት መስሎኝ የሚወደውን ወንበር አሳጣሁት። እኔ በ2016 አገሬ ስገባ እሱ አሁንም መጋዘን ነበር።

ዛሬ አዲስ ሰው ሳሠለጥን አጫጭር ስሞቼን በመጀመሪያው ወር አላሳየውም። በመጀመሪያው ቀን የራሱን አንድ ፋይል አስጽፈውና በአርኤም እንዲያጠፋው አደርገዋለሁ። ከዚያ መልሰህ አምጣው እለዋለሁ፤ ፈልጎ እስኪያጣው ድረስም እጠብቃለሁ።