የልጆች ብዛት፦ የለም

ያንን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ከዚህ በታች የምቆጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ራሴን ከመሃላቸው አውጥቼ መቆጣት ግን አልፈልግም።

ታላቅ እኅቴ መቐለ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ካርድ ክፍል የበሽተኞች ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅ ካርዱ በደቂቃ ውስጥ ተፈልጎ መውጣት አለበት። ስድስት ዓመት ስትሠራ በእሷ እጅ አንድም ካርድ ጠፋ ተብሎ አያውቅም። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ቤት ሳለች አሠሪዋ ደወለ። እንኳን ደስ አለሽ አላት። ቀጥሎም የቀን ቦታዋን ለሌላ ሰው እንደሰጠ፣ ፈቃዷ ሲያልቅ የምትመለሰው በሌሊት ተረኛነት እንደሆነ ነገራት። «ምን ላድርግ እኅቴ፣ ሥራ አይጠብቅም» አለ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ቀኖቹን ላስረዳ። የወሊድ ፈቃዷ የሚያልቀው ልጅቷ በተወለደች በስድሳኛው ቀን ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው ደግሞ በሰማንያኛው ቀን ነው። ስለዚህ እኅቴ ገና ያልተጠመቀች፣ ከጡት ሌላ የማታውቅ ሕፃን ትታ ሌሊቱን ሙሉ ከቤት ልትርቅ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ወይ ፈቃዷ ሳያልቅ የቀን ሥራ ታገኛለች፣ ወይ ሌሊት ትገባለች። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ለዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ማንኛውም ችግር በተራ ቁጥር ተዘርዝሮ ከተጻፈ ይፈታል ብዬ አምን ነበር። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምንፈልገውን አገኘሁ። ሓወልቲ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል። ጾታ አይለይም ይላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ስለሆነ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ነው። ደስ አለኝ። እኅቴ ፋይል ታውቃለች፣ እኔ አማርኛ አውቃለሁ፤ ምን ይቀረናል?

አራስ ስለሆነች ቅጹን ሄጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በተማሪዎቼ ፊት በምኮራበት ጽሕፈቴ ሞላሁት። «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ላይ «ያገባች» አልኩ። «የልጆች ብዛት» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬን አነሣሁ።

«አንድ በይ እንጂ» አለች እኅቴ፣ ልጅቷን እያጠባች።

«የለም ነው የምለው።»

«እና ይቺን የት ላድርጋት?»

ምክንያት ነበረኝ። እኔ ራሴ መምህርነት ስቀጠር ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ «አግብተሻል? ቶሎ ትወልጃለሽ?» ብሎኝ ነበር። እኔም ሳቅሁ። «ገና ነኝ ጋሼ» አልኩና ሥራውን አገኘሁ። ያንን ሳቅ ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል፤ ግን ሠርቶልኛል። ስለዚህ ለእኅቴ ባዘጋጀሁት ደብተር ላይ ተራ ቁጥር አንድ ብዬ የጻፍኩት «ልጅ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ» የሚል ነው። ከዚያ በታች ሃያ አራት ጥያቄ ከነመልሱ አለ። ፋይል በምን ቅደም ተከተል ይደረደራል? ምስጢራዊ ደብዳቤ ማን ይከፍታል? የተዋሰ ፋይል ሳይመለስ ሲቀር ምን ይደረጋል? በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየመጣሁ አስጠናኋት።

«መምህርት፣ ሽንት ጨርቅ ልቀይር፣ ይፈቀድልኛል?» ትላለች እጇን አንሥታ። እናታችን ከጓዳ ትስቃለች። እኔ አልስቅም ነበር።

ቃለ መጠይቁ የዋለው በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ነው። አራስ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት ከወጣች ብረት ትይዛለች፤ ብቻዋንም አትተውም። ሁለተኛው ስለሚገባኝ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ክፍለ ጊዜ ተቀያይሬ አብሬያት ልሄድ ተነሣሁ። እናታችን ግን የሽንኩርት ቢላዋዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እኅቴ ቦርሳ ውስጥ ስትከት ያዝኳት።

«አደይ፣ ቢሮ እኮ ነው የምትሄደው፣ ወንዝ አይደለም!»

«ቢሮ ሰይጣን አይገባም ያለሽ ማን ነው?»

አውጥቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ተመልሶ መግባቱን ያወቅነው ድርጅቱ በር ላይ ነው።

ሴቶችን የምትፈትሸው ጠና ያለች፣ የደንብ ልብስ ላይ ነጠላ ያጣፋች ሴት ነበረች። ቦርሳውን ከፈተች፣ ጨርቁን ፈታች፣ ቢላዋውን አየች። እኔ ቶሎ ብዬ «ብርቱካን ልንልጥበት ነው» አልኩ። ሴትዮዋ አላየችኝም። እኅቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ፊቷ በራ።

«ወይ ጓለይ፣ የኔ ልጅ! አራስ ነሽ እንዴ? እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

ግቢው በሙሉ ሰማ። እንዲህ ያለ ምርቃት በሹክሹክታ አይባልም።

«ምን አገኘሽ?»

«ሴት» አለች እኅቴ። ስንት ቀን ተጨንቃ ከርማ ያን ጊዜ ነው ጥርሷን ያየሁት።

«እሰይ! የእናቷን ሥራ የምታግዝ። ቢላዋው እኔ ጋ ይቆይ፣ ስትወጪ ትወስጃለሽ።»

ከአንድ መኪና የወረደ ኮት የለበሰ ሰው ዞር ብሎ አየን፤ ፈገግ አለና ገባ። ማን እንደሆነ አላወቅንም።

ኮሪደሩ ላይ ከእኅቴ በፊት ተራው የደረሰ አንድ ወጣት ነበር። ቆይቶ ሲወጣ አጠገቤ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ። «ደህና ነው፣ አያስፈራም» አለን። «ፋይል እንዴት እንደምደረድር ጠየቁኝ። ቅጹ ላይ የአንድ ዓመት ልጅ እንዳለኝ አይተው ደግሞ አባት መሆን ሰውን ያረጋጋል አሉኝ።» ክፋት አልነበረበትም። እኅቴ ስትገባ «በርቺ ሓፍተይ» ብሎ እንደ እኅቱ አበረታታት።

በሩ በደንብ ስለማይገጥም በክፍተቱ ይታያል፣ ይሰማልም። የመጀመሪያው ድምፅ የባለኮቱ ነበር።

«ግቢ፣ ቁጭ በይ። እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«አሜን» አለች እኅቴ።

«ቅጹ ግን ልጅ የለም ይላል። መቼም ጽሕፈቱ ያምራል።» ሌሎቹ ሳቁ። «ማን ነው የሞላው?»

ከአግዳሚው ተነሣሁ። እጄ የበሩን እጀታ ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለች እኅቴ።

ልገባ እችል ነበር። «እኔ ነኝ የሞላሁት፣ እሷ አንድ በይ ብላኝ ነበር» ማለት ብቻ ነው። ብገባ ነገሩ ይብስባታል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፤ ማስረዳት አላንስም። እውነቱ ግን አፍሬ ነው።

«ልጅቷን ማን ይይዝልሻል?»

«እናቴ።»

«እናትሽ ስትታመምስ?»

«ሐኪም ቤት ነው የምሠራው፣ አሳክማታለሁ።»

«ባልሽ ምን ይላል? ሁለተኛውስ መቼ ነው? አትቀየሚ፣ ለአንቺው አስበን ነው።»

የእኅቴ ድምፅ ቀስ ያለ ነበር። «ስለ ፋይል የምትጠይቁኝ ነገር የለም?»

«ስለ ፋይሉማ ልምድሽን አይተናል።»

ሃያ አራት ጥያቄ አስጠንቻታለሁ። አንዱንም አልጠየቋትም። ተማሪ ሳይማር ቀርቶ ሲወድቅ አዝናለሁ። ተምሮ መጥቶ ሳይፈተን የወደቀ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አባትነት ለዚያ ወጣት እርጋታ ከሆነ እናትነት ለእኅቴ ስለ ምን ጉድለት ሆነ? የእሱም ልጅ ልጅ ነው፣ የእሷም ልጅ ልጅ ናት፣ ፋይልም የሚደረደረው በሁለት እጅ ነው። ፈታኙ ይህን መመለስ አይችልም። ደግነቱ፣ ለእሱ፣ እንዲመልስ የሚጠይቀው የለም።

ስንወጣ ፈታሿ ቢላዋውን ከነጨርቁ ሰጠችን። «እንዴት ሆነልሽ ጓለይ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለች እኅቴና ጉንጯን ሳመቻት።

በሩን እንዳለፍን ፈነዳሁ። «ይቺ ሴትዮ ባትጮህ ኖሮ!»

«ተያት። ዛሬ ከልቧ እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ቤት ስንደርስ ቁጣዬን ወደ እናቴ አዞርኩ። «ያንቺ ቢላዋ ነው ጉድ የሠራን! አትክተቺ አላልኩሽም?»

እናቴ ልጅቷን ለእኅቴ አቀበለች። ቢላዋውን ከቦርሳው አውጥታ ሕፃኗ ትራስ ሥር ከተተችው። «ቢላዋው ምን አለ? ዝም ያለ ብረት ነው። የዋሸው ወረቀትሽ ነው» አለችኝ።

 

ከአራት ቀን በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣው የወጣቱ ስም ነው። እኅቴ ሄዳ ስትጠይቅ «የተሳሳተ መረጃ ስለሰጠሽ» ተባለች። ይህን ስሰማ ያበድኩት ለዚህ ነው፤ እነሱ ምክንያት አልነበራቸውም፣ ምክንያቱን አስውቤ ጽፌ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። «የለም» ባልል ኖሮ ቢያንስ በእናትነቷ እንደጣሏት በራሳቸው አፍ ይናገሩ ነበር።

ዛሬ ትምህርት የጨረሱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሥራ ሊቀጠሩ ወይም ሊቀይሩ ሲሉ ይመጡብኛል። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ስለ ፋይሉም፣ ስለ አለባበሱም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤን አስቀድሞ ስለ መያዝም አስረዳለሁ። ተራ ቁጥር አንድን ግን ሰርዤዋለሁ። ስለ ልጅ ከጠየቋችሁ እውነቱን መልሱ፣ ከዚያም «ስለ ሥራው ልጠየቅ» በሉ እላቸዋለሁ። «ቲቸር፣ እንዲህ ስንል ይቀጥሩናል?» ይሉኛል። ላይቀጥሯችሁ ይችላሉ እላለሁ። ይህን መናገር ያናድደኛል፤ ውሸት ማስተማር ግን በቅቶኛል።

እኅቴ በስድሳ አንደኛው ቀን ሌሊት ገባች። እስከ ክርስትናው ድረስ ቢላዋው ከእሷ ጋር ተመላለሰ። አራስ ብቻዋን አትተውም ስለሚባል፣ ማንም ሳያዘኝ በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ እስከ ክሊኒኩ በር ሸኘኋት። ከዕለታት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሌላ መሥሪያ ቤት ቅጽ ነው።

«በዚያች በምታምር ጽሕፈትሽ ሙይልኝ» አለችኝ።

«ራስሽ አትሞዪውም?»

«አንቺ ነሽ የምትሞዪው።»

የሞላሁት ቤት ገብቼ ልጅቷ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሁለት ቦታ እንደሚመልሷት፣ ሦስተኛው ለቀን ሥራ እንደሚወስዳት ያን ጊዜ አላወቅሁም። «የልጆች ብዛት» የሚለው ላይ ስደርስ «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩን በጣም ስለተጫንኩት ፊደሉ በወረቀቱ ጀርባ ወጥቶ በጣት ይዳሰስ ነበር።