ንብ የሞላበት አጥራችን

የፀረ ተባይ መድኃኒት ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ሱሉልታ የነበረው አጥራችንና የጎረቤታችን የእትዬ አልማዝ ፊት አብረው ይመጡብኛል።

ከአዲስ አበባ ለቀን እዚያ ስንገባ ሰፈሩ ገና እየተሠራ ስለነበር ከድንጋይና ከቆርቆሮ በቀር የሚታይ አልነበረም። ክረምት በገባ ቁጥር እናቴ፣ አገሩን ሲያርሱ ከኖሩት ከኦቦ ገመቹ ዘንድ እየሄደች የግራዋ፣ የቀጋና የጥንጁት ችግኝ ታመጣ ነበር፤ እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ በአጥሩ ዙሪያ እቆፍርላት ነበር። «ከኒሳ የሸሸው የሚያውቀውን አበባ ቢያጣ ነው» ይሏት ነበር ኦቦ ገመቹ፣ ንብን በኦሮምኛ እየጠሩ። እትዬ አልማዝ ግን በራችን ላይ ቆመው፣ «ከተማ ነው ብለን ቤት ብንሠራ ጫካ ታበቅይብናለሽ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እናቴ ቀና ብላም አታያቸውም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ አብቦ ንብ ሞላበት። የእትዬ አልማዝ ልጅ ሮቤል ቁጥቋጦውን በዱላ ሲደበድብ ንቦቹ ተነሥተው ፊቱን ነደፉት፤ ሲደበድብ በዓይኔ አይቼ ብናገርም የሰማኝ አልነበረም። በሳምንቱ ጠዋት ስንነሣ ቅጠሉ ሁሉ በመድኃኒት ርሶ፣ መሬቱ በሞቱ ንቦች ጠቁሮ ነበር። እናቴ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸውና በሰፌድ ይዛ ሄዳ የእትዬ አልማዝ ደጃፍ ላይ ደፋቻቸው።

«ልጄን ሊገድሉት ነበር!» አሉ እትዬ አልማዝ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ለእኔ ሞተሻል» አለቻቸው።

በዚያው በጋ የእትዬ አልማዝ ባል በድንገት ሞቱ። ድንኳኑ ከአጥራችን ማዶ ተተክሎ፣ የሮቤል ጩኸት እየተሰማን፣ እናቴ በሩን ዘግታ የተረፈውን ግራዋ ውኃ ታጠጣ ነበር።

«ለቅሶ አንሄድም?» አልኳት።

«ለንቦቼ ማን አለቀሰላቸው?» ብላ ባልዲውን አቀበለችኝ፤ እኔም ተቀብዬ፣ በእሷ ኮርቼ፣ አጠጣሁ።

አሁን ቡራዩ ከባለቤቴ ጋር እኖራለሁ፤ እኔም አጥሬ ላይ ግራዋ ተክያለሁ፣ ጎረቤቶቼም እየመጡ ችግኝ ይወስዳሉ። ያኔ የምጠላው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እትዬ አልማዝን ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም፤ ያን ቀን በሩን የዘጋችውን እናቴንም ይቅር ማለት አቅቶኛል።