ባለ አንድ ሰው ቡድን

ስለ እግር ኳስ የማውቀው ኳሷ ክብ መሆኗን ብቻ ነበር። ይህንንም ደብረ ታቦር አብረውኝ ለሚያስተምሩት መምህራን በግልጽ ነግሬአቸዋለሁ። የጨዋታቸውን ሕግ እንዳወጣ የመረጡኝ ግን በዚሁ ምክንያት ነው። የማንም ደጋፊ አይደለችም፣ ደግሞ ሒሳብ ታስተምራለች ተባለ። ሰው በተሰበሰበበት መናገር ስለማልወድ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም እንደ ስምምነት ተቆጠረ።

ጨዋታው ሜዳ ላይ የሚደረግ አልነበረም። ግራ መጋባቴ የጀመረው ከዚህ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የስፖርት መምህሩ ሲሆን፣ በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ውጭ አቁሞኝ በትዕግስት አስረዳኝ። ስምንት ነን፤ እያንዳንዳችን አንዳንድ ቡድን ይኖረናል። ቡድኑ ግን በእውነት የለም። በረኛው ከአንዱ የአዲስ አበባ ክለብ ይሆናል፣ አጥቂው ከሌላው፣ ተከላካዩ ከሦስተኛው። እሑድ እሑድ ሬዲዮ ግጥሚያውን ሲያስተላልፍ ተጫዋቹ ጎል ያገባለት ሰው ነጥብ ያገኛል። በረኛው ጎል ያልገባበትም እንደዚሁ።

"ታዲያ እነዚህ ሰዎች አብረው የሚጫወቱት የት ነው?" አልኩት።

"የትም።"

"የኔ አጥቂ በኔ በረኛ ላይ ጎል ቢያገባስ?"

ትንሽ አሰበና ሊሆን እንደሚችል አመነ።

"ያኔ ደስ ይለኛል ወይስ አዝናለሁ?"

"ሁለቱንም" አለኝና እየሳቀ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሬዲዮው የአከራዬ ነበር። ሁላችንም እትየ የምንላቸው ባል የሞተባቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የግማሹን ተማሪ የደንብ ልብስ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መምህራኑ እሳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። የስፖርት መምህሩ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነገሩ ስፖርት ማዳመጥ መሆኑን አስቀድሞ ስላስረዳ መሰብሰባችን ጥያቄ አላስነሳም። እትየ የጉና ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ ያቀርቡና ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ። ስርጭቱ ሲጀመር ግን መኪናው ዝም ይላል።

ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ወንድ ልጃቸው አዲስ አበባ በአንዱ ክለብ ውስጥ ተጠባባቂ ነበር። ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ገና ሜዳ አልገባም። ሬዲዮ የሚጠራው የሚጫወቱትን ስለሆነ ስሙ አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም። ጋዜጣም ቢመጣ ስለ ውጪ ተቀማጭ አይጽፍም። እሳቸው ግን በየእሑዱ መኪናቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

ሕጉን ማውጣት በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ቀን ወደ ማታ፣ በረንዳ ላይ ደብተር ሳርም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ብርዱ ጥቂት ካወሩ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"ለአንድ ሰው ስንት ተጫዋች ይበቃል ብለሽ ነው?"

"አሥራ አንድ ሳይሆን አይቀርም እትየ። ሜዳ የሚገባው አሥራ አንድ ነው አሉኝ።"

"ውጭ የሚቀመጡትስ?"

የሚሉት ገብቶኛል። ቁጥሩ አሥራ አንድ ከሆነ ማንም ሰው ከተሰላፊዎች ውጭ አያይም። አሥራ አምስት ከሆነ ግን ቦታ መሙላት ስለሚኖርበት አንዱ መምህር ልጃቸውን ይወስደዋል፤ ስሙም ቢያንስ እዚያች ክፍል ውስጥ ይነሳል። እሳቸው የሚፈልጉት ይህንን ነበር። አስብበታለሁ አልኳቸው። እሳቸውም "አንች ብቻ እንዳትጨነቂ" ብለው ተነሱ። እኔም ይህን ሰምቼ መጨነቅ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ክርክሩ ተከፈተ። የታሪክ መምህሩ፣ የጉና ልጅ ነው፣ ሰው ይታመማል ይጎዳል ብሎ ለአሥራ አምስት ቆመ። የስፖርት መምህሩ ለአሥራ አንድ።

"ያልተጫወተ ሰው ምን ነጥብ ያመጣል? ተቀምጦ ለሚውልማ እኛስ ምን አነሰን?"

ሁሉም ሳቁ። እትየ ድንች ይልጡ ነበር፤ ቀና አላሉም። እኔ አሥራ አምስት ማለት ፈልጌ ስለነበር ቁጥሩን ሠርቼ አሳየኋቸው። ስሌቱ ግን ከእኔ ጋር አልሆነም። ለስምንት ሰው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ተጫዋች ለማዳረስ የምናውቃቸው ስሞች አይበቁም። ሁላችንም የምናውቀው ሬዲዮ የጠራውን ብቻ ነው። በገዛ ሒሳቤ ተሸነፍኩና አሥራ አንድ ጸደቀ። ሒሳብ ትክክል ሆኖ ሳለ የተሳሳትኩ መስሎ የተሰማኝ ያን ቀን ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁንም በቅጡ አላውቅም።

ሌላው ጣጣ ማን ማንን ይወስዳል የሚለው ነበር። ሁሉም የሚፈልገው አንድ አጥቂ ነው። ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል የታሪክ መምህሩ እንደ ቅርጫ እንካፈላቸው አለ። ይህ ለእኔም ገባኝ። ሐሙሲት ተወልጄ ያደግኩ ስለሆነ በሬ ታርዶ ሥጋው ሲመደብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስሞቹን በቁራጭ ወረቀት ጻፍንና በእትየ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ስምንት መደብ አደረግናቸው። ለያንዳንዱ መደብ አንድ በረኛ፣ ጎበዙ ከደካማው፣ ሥጋው ከአጥንቱ ጋር። ያ አጥቂ የወደቀበት መደብ ላይ ማካካሻ እንዲሆን ቀርፋፋ ቀርፋፋ ተከላካዮች ተጨመሩ። የስፖርት መምህሩ እንዲህ ያለ አመዳደብ ዓለም አይቶ አያውቅም እያለ ቢያጉረመርምም መደብ ሲያስተካክል ከሁሉ የባሰ ጠንቃቃ እሱ ሆነ።

ዕጣ የምጥለው እኔ ነበርኩ። እኔም ባለ ቡድን ስለሆንኩ ይህ ልክ አይደለም ብዬ ነበር፤ አጥቂን ከበረኛ የማትለይ ሰው ብታዳላ ለማን ታዳላለች ብለው ዝም አሰኙኝ። እንደ ደንቡ ወደ ውጭ ወጣሁና እያንዳንዱ ምልክቱን እትየ ባቀረቡት አሮጌ ባርኔጣ ውስጥ ጣለ። የኔን ምልክት ሌላ ሰው መርጦ ጣለልኝ። ስመለስ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ በየመደቡ ላይ አስቀመጥኩ። ቁልፍ፣ የጠመኔ ስባሪ፣ የሸሚዝ አዝራር፣ የጠርሙስ ቆርኪ። ስምንቱም መደብ ሞላ። ባርኔጣው ውስጥ ግን እጥፋቱ ሥር የተሸጎጠ አንድ ምልክት ቀረ፤ ክሩ ያለቀበት የስፌት መኪና ማጠንጠኛ።

እንደገና ቆጠርኩ። ሰው ስምንት፣ መደብ ስምንት፣ ምልክት ዘጠኝ። ማጠንጠኛውን በእጄ ይዤ ቆምኩ። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

"የኔ ነው" አሉ እትየ ከስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው። "ከእናንተ መደብ አልነካም። የኔን ተጫዋች ራሴ አመጣለሁ።"

የስፖርት መምህሩ ከወንበሩ ተነሳ። አንቱታውን ሳያጓድል፣ ሕጉ አሥራ አንድ እንደሚል፣ አንድ ሰው ብቻውን ቡድን እንደማይባል አስረዳቸው።

"እኔ ያለኝ አንድ ነው" አሉ። "አሥራ አንድ ከየት ላምጣ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ መልሱም ከእኔ ይጠበቃል። የሚያስፈልገኝን ያህል ሳላስብ፣ አሥራ አንድ ማለት ከዚያ አይበለጥ ማለት ነው፣ ማነስ አልተከለከለም አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር። የታሪክ መምህሩ ትክክል ነው ብሎ ቀድሞ እጁን አወጣ። ሌሎቹም አወጡ። የስፖርት መምህሩ እጁን ያወጣው የመጨረሻ ሆኖ ነው፤ ያውም ሁለት ጣቱን ብቻ።

እንዲህ ሆኖ ጨዋታው ተጀመረ። ስርጭቱ ሲያልቅ ነጥብ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ የባለቤቱን ስም፣ ቀጥሎ የተጫዋቾቹን። መጨረሻ ላይ የእትየን ልጅ ስም አነብና "ዜሮ" እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ዜሮዋን ቶሎ ብዬ፣ ዝቅ አድርጌ ነበር የምላት። አንድ ቀን እትየ ስሙን ደህና አድርጌ እንዳነበው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ቀስ ብዬ፣ ከነአባቱ አነበው ጀመር። ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ዜሮ ምን ደስ እንደሚል አይገባኝም ነበር። አንዳንድ እሑድ ደግሞ የልጃቸው ክለብ ሲጫወት እንዲገባ ሳይሆን እንዳይገባ ስለት የሚሳሉ ይመስሉኝ ነበር። ስጠይቃቸው "እኔም አላውቀው" አሉኝ። የእድሜ እኩዮቹ በዚያን ጊዜ ሰፈር ውስጥ አልነበሩም። ለጦር ግንባር ተመልምለው እንደሄዱ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ወሬያቸው የተቋረጠም ነበሩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጨዋታው አለቀ። እኔ ሳላስበው ሦስተኛ ወጣሁ። የስፖርት መምህሩ ገና ሲጀመር ያስገባው አንድ ሕግ ነበር፤ መጨረሻ የወጣ ሰው ተነስቶ ግለሂስ ያደርጋል፣ ጥፋቱን በራሱ አንደበት ይናገራል የሚል፣ በየስብሰባው እንደለመድነው። ለቀልድ ነው ያስገባው። መጨረሻ የሚወጣው ማን እንደሚሆን ግን ያን ጊዜ አላሰበበትም። ስለዚህ ነጥቡ ተነቦ ሲያበቃ ወሬ ለመለወጥ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ባሕር ዳር መኪና ማውራት ጀመረ። ሁላችንም ተከተልነው።

እትየ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"ሕጉ አለ አይደል? መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ።"

የስፖርት መምህሩ ቀልድ እኮ ነው እትየ፣ ይቀመጡ አላቸው። አልተቀመጡም። እንደ ስብሰባ ሰው እጃቸውን አጣምረው ቆሙና በየተራ አዩን።

"ዓመቱን ሙሉ አንድ ነጥብ አላመጣሁም። ይኸ ጥፋቴ ነው። እናንተ ብዙ ነጥብ አላችሁ። ግን ከእናንተ ተጫዋች እግሩ የተሰበረ አለ፣ የተባረረ አለ፣ የት እንደገባ ያልታወቀም አለ። እኔ ስጀምር የነበረኝ ሁሉ ዛሬም አለ። የኔ ቡድን ሙሉ ነው።"

ተቀመጡ። ከዚያ የስፖርት መምህሩ፣ ሲጀመር ለአሥራ አንድ የተከራከረው እሱ፣ ቀስ ብሎ ግለሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል አለ። ያለው በቀልድ ይሁን በእውነት አልለየሁም።

እኔ የነጥቡን ወረቀት ይዤ ቀረሁ። ከእትየ ስም ፊት ለፊት ዜሮ ተጽፏል። እንደ ሒሳብ ትክክል ነው። ልሰርዘው ብዕሬን አነሳሁ፣ ምን እንደምጽፍበት ስላላወቅሁ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዕጣው ቀን ጀምሮ ባርኔጣው ውስጥ የነበረውን ማጠንጠኛቸውን ለመመለስ ወደ ስፌት መኪናው ሄድኩ።

"እዚያው ባርኔጣው ውስጥ ተይው" አሉኝ። "ለከርሞ ይሆነኛል።"