ጊዜው ያለፈበት እንኳን ደህና መጣሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ወረርሽኝ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ እየቀመረ ነው። «መምህር፣ ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ከተደረገ በኋላ ግንኙነቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ ልያዘው?» አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚይዘው። እኔ ግን እህቴ ዘሃራ ትዝ አለችኝ።

ዛሬ ሽበት ጀማምሮኛል። ኮሮና የገባ ጊዜ ግን እኔም ተማሪ ነበርኩ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። የአስተማሪዬ ቀመር ከውጭ የተመለሰ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ብቻ ይገናኛል ይል ነበር። ሳቄ መጣ። በእኛ በሰቆጣ ከስደት የተመለሰን ሰው ሄዶ ያላየ ጎረቤት፣ ጎረቤት አይባልም። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ዘመድ አለ። ይህን ነግሬው የሚገናኘውን ሰው ቁጥር ከፍ አደረግነው። የታማሚዎቹ መስመር ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ግን ሳቄ ጠፋ። ዘሃራ ከሳዑዲ ልትመለስ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ መንገዱ በጭቃ ተበላሽቶ ሳለ መጣች። እናታችን ለእንግዳ ብላ ከአበርገሌ የመጣ ፍየል ገዝታ ነበር። እኔም ትምህርት ተዘግቶ ቤት ነበርኩና ደጃፉ ላይ ቆሜ ስኳር የያዘውንም ማር የያዘውንም መለስኩ። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ለመኑኝ።

«ከደጅ ቁሜ እንኳ ልያት፣ ልጄ።»

«ለጊዜው ነው እማማ። ሲያልፍ ይመጣሉ።»

«ካለፈ ወዲያ በምን ፊቴ?» ብለው ሄዱ።

እዚያው ተወልጄ አድጌ፣ ያሉኝን ልብ አላልኩትም።

ማንም አልታመመም። ጊዜው ሲያልፍ በሩን ከፈትኩ፣ የሚመጣ ግን ጠፋ። በእኛ ዘንድ እንኳን ደህና መጣሽ ለማለት ዘግይቶ መሄድ፣ ጨርሶ ከመቅረት ይብሳል። ያልጠየቋት ሰዎች ዓይኗን ማየት አፈሩ። ገበያ ላይ ከሩቅ ሲያዩዋት ወደ ሱቅ ገባ ይላሉ። እማማ ብርቄም በጓሮ መውጣት ጀመሩ። ዘሃራ ግን ባዶ እጇን ስለተመለሰች የናቋት መሰላት።

«እኔ ነኝ የከለከልኳቸው» አልኳት።

«ያኔ ከለከልካቸው። አሁንስ?»

ፍየሉን አርደን ለብቻችን በላን። ሥጋው መልካም ነበር፣ እናቴ ግን ጥቂት ቀምሳ ተነሳች።

ክረምቱ ሲወጣ ዘሃራ በበረሃው መንገድ ተመልሳ ሄደች። ቀስ ብላ ሻንጣዋን አነሳችና «ታምሜ ቢሆን እኮ ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር» አለችኝ። ብትቆጣኝ በወደድኩ።

አሁን ጅዳ ናት። ለኢድ ሰቆጣ ስገባ ትደውላለች። ስለ እናታችን ጤና ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች። ስለ ሰፈሩ ሰው ግን ቃል አይወጣትም። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ይሰማኛል፣ ይቅርታ ልጠይቃት ግን አልቻልኩም። በሩን ባልዘጋ ኖሮ እናቴን ወይም እማማ ብርቄን ቀብረን ይሆን ነበር። ያ ቀን ዛሬ ቢደገም አሁንም እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ድምፅዋን ስሰማ ሰላም እላታለሁና ስልኩን ቶሎ ለእናቴ አቀብላለሁ።