የማይተነፍሰው ፍሉት

ልብስ ሰፊው የሙዚቃ ኖታን ከመጻሕፍት ለቃቅሞ በራሱ የተማረ ሰው ነው። ለቲያትር ቤቱ የጻፈውን ሙዚቃ ዳይሬክተሩ ነገ ከኮምፒውተር ይሰማል፤ የሰው ኦርኬስትራ ካልመሰለው ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ የሚያጫውታቸው፣ ከባለሙያዎች የተቀዱት የቫዮሊን ድምፆች አምረውለታል፤ ዋሽንት መሰሉ ፍሉት ግን እንደ ፋብሪካ ፊሽካ እየጮኸ አሻፈረኝ አለው። ከማለዳ ጀምሮ ያቺኑ የፍሉት መስመር ሲመላልስ ሥጋ ቆራጩ ታላቅ ወንድሙ በሩን በርግዶ ገባ።

"አንተ፣ ናላዬን አዞርከው እኮ!"

"ጋሼ፣ አንዴ ብቻ፤ አሁን ይያዝልኛል።"

"ቆይ፣ እኔ ልያዝልህ!"

ከወንበሩ መንጭቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። የስፌት መኪናው ተገለበጠ። በዚያ በሬ በሚጥል እጁ ጉሮሮውን አነቀው። የሰፊው ዓይን ፈጠጠ፤ በልቡ ብቻ "ጌታ ሆይ" አለ። ወንድሙ የፊቱን መጥቆር ሲያይ በድንጋጤ ለቀቀው።

ሰፊው ወለሉ ላይ ተዘርሮ ደም እየተፋ አየሩን ማገ።

"እጄን ይቁረጠው! ልገድልህ ነበር እኮ!" አለ ወንድሙ።

ሰፊው ግን ትንፋሽ ሲያጥረው ነገሩ ገብቶት ወደ ኮምፒውተሩ ዳኸ። የፍሉቱን መስመር ከዳር እስከ ዳር ያለ ዕረፍት ነበር የጻፈው፤ ነፊው ሰው ቢሆን ኖሮ ታፍኖ በሞተ ነበር። ሦስት ቦታ ላይ ኖታውን አሳጥሮ መተንፈሻ ተወለትና አጫወተው።

"ይሄማ ሰው ነው" አለ ወንድሙ፣ እንባውን እየጠረገ።

ዳይሬክተሩም እንደዚያው አለ፤ ሥራውንም ሰጠው። ሰፊው ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ወንድሙንም ከልቡ ይቅር አለው። ሲሠራ ግን በሩን ይቆልፋል።